ሥጋ የሞላው ቁስል

ኅዳር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. አያ ክንዱ የገብሱን አጨዳ መሀል ላይ ትተው ከኮሶዬ ጎንደር ገቡ። አስገድዳ ያመጣቻቸው በሆስፒታል ካርድ ክፍል የምትሠራው ልጃቸው ትዕግስት ናት።

ግራ ባታቸውን በሰባት ዓመታቸው እሳት በልቶታል። አርባ አራት ዓመት ሙሉ ጠባሳው በየክረምቱ እየተቆጣ ይመግላል፣ በጋ ላይ ይደርቃል። ሰኔ 11 ቀን ደውለው "ሥጋ ሞላልኝ እኮ" ሲሏት "እሰይ" ብላ ነበር። በአገራቸው ጎድጓዳ ቁስል ሥጋ ከሞላ ዳነ ነው የሚባለው። ጥቅምት ላይ ሄዳ ጨርቁን ስትፈታው ግን ሥጋው ከቆዳው በላይ ገንፍሎ፣ ሲነኩት ይደማል።

ከቁስሉ የተቆረሰው ናሙና ውጤት በአሥራ አንደኛው ቀን መጣ። ትዕግስት ከአባቷ ቀድማ አነበበችው። ወደ ማኅደሩ መለሰችው፤ እንደገና አውጥታ አነበበችው።

ሐኪሙ ወንበሩን አስጠጋ። "አባቴ፣ ገላ የቆሰለውን ለመጠገን አዲስ ሥጋ ይሠራል። የእርስዎ ቁስል ስላልሻረ ገላዎ አርባ ዓመት ሲጠግን ኖረ። በመጨረሻ ጥገናው ተበላሸ፤ ማቆሚያ የሌለው ሥጋ ሆነ። ካንሰር ነው።"

"ምነው ታዲያ ብዙም አላመመኝ?"

"ሲጀምር ላያም ይችላል። ከጉልበት በታች እንቁረጠው። ብሽሽትዎ ላይ ያለው እብጠት ግን አሳስቦኛል።"

አያ ክንዱ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "አንቺ የተማርሽው፣ እሰይ አላልሽኝም?"

"ብያለሁ፣ አባባ።"

"ሥጋ አምሮን ይሆናል። የሰኔ ጾም አልነበር?" አሉና አውራ ጣታቸውን ለፊርማ ዘረጉ።

ትዕግስት አልሳቀችም። ከስልኩ እስከ ውጤቱ ያለውን ቆጥራለች፦ አንድ መቶ ስድሳ ዘጠኝ ቀን።

እግሩ ኅዳር 29 ተቆረጠ። በሽታው ግን ወደ ብሽሽት ቀድሞ ነበር፤ ነሐሴ 2 ቀን አረፉ።

ከዚያ በፊት፣ ግንቦት 3 ቀን፣ በምርኩዝ ጎረቤታቸው እንኳየሁ ደጅ ደርሰው ነበር። እንኳየሁ ተረከዙ ላይ ዓመታት የሰነበተ ቁስል አለው።

"አያ ክንዱ፣ ለዚች ጭረት ጎንደር ድረስ?"

"ሁለት እግር እያለህ ቅደም እንጂ። እኔ ነኝ የምጎተተው።"

በጠዋቱ ማኪና ወሰዱት፤ ካርድ አስወጡለት። ናሙናው እስኪቆረስ አግዳሚ ወንበር ላይ ጠበቁ፤ ሳይመሽ ይዘውት ኮሶዬ ገቡ።