ሦስት የመሠረት ድንጋይ ያለው ወንዝ

እኔ የምኖረው ነቀምቴ ጫፍ ላይ ነው። ልጄ ያገባችው ከወንዙ ማዶ፣ ጉቶ ጊዳ ገጠር ነው። በመካከላችን የነበረው ድልድይ በተኩሱ ጊዜ መሐሉ ወደቀ። ማን እንዳፈረሰው አልጠይቅም።

በዚያው ወራት የልጄ የመጀመሪያ ልጅ እዚያው ማዶ፣ ሐኪም ሳታይ፣ ሞቶ ተወለደ። እሷ ተረፈች፤ ተመስገን። ሁለተኛውን ስትፀንስ ከአምላኬ አንድ ነገር ብቻ ለመንኩ፤ ሆስፒታል ትድረስልኝ።

ድልድዩን መንግሥትና አንድ ድርጅት በሽርክና ሊሠሩት ነው ተባለ። መንግሥት ወንዙን ያቀርባል፣ ድርጅቱ ሲሚንቶውን። ወንዙ በሰዓቱ ቀረበ።

ከሁሉ በፊት የቆመው ሰሌዳው ነው። ግድግዳ የሚያክል ብረት፣ በሁለት ረጃጅም የብረት ምሰሶ ላይ። መብራት ያለው ድልድይ ተሥሎበታል፤ እኛን የማይመስሉ ሰዎች እየሳቁ ይሻገሩበታል። ቀጥሎ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። ሽማግሌዎቹ እንደ አገሩ ወግ እርጥብ ሣር ይዘው መረቁ። እኔም እልል አልኩ፤ ከልቤ ነበር።

ሲሚንቶው ጎረቤት ከተማ ሲሬ ደርሷል ተባለ። ከሲሬ እኛ ጋ መንገዱ ስንት ወር እንደሚፈጅ ያኔ ተማርኩ። ሥራውን የያዘው የመንግሥት ኃላፊ ተነሣና አዲሱ መጣ፤ በተነሣ ሰው ድንጋይ ላይ አልገነባም ብሎ የራሱን ጣለ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ድርጅቱም ተቀየረ። ሦስተኛ ድንኳን፣ ሦስተኛ ድንጋይ።

በሦስተኛው ድንጋይ ቀን ትልቁ ሽማግሌ ሣሩን ኪሳቸው ከተቱት።

«አባቴ፣ ምርቃቱስ?» አለ ኃላፊው።

«ኦቦ፣ ይህን ወንዝ ሁለት ጊዜ መርቀነዋል። ውሃው ጨመረ።»

«የአሁኑ ይለያል!»

«እንግዲያው ሰው ይሻገርና እንመርቃለን።»

ልጄን ምጥ የያዛት በክረምት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። የሰፈሯ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ ወንዙ አመጧት። የምንሻገርበትን የባሕር ዛፍ ግንድ ግን ጎርፍ ወስዶታል። እሷ ከዚያ፣ እኔ ከዚህ። ነጠላዋ ይታየኛል፤ ድምፅዋ አይሰማኝም። ስለ ማርያም እያልኩ ተንበረከክሁ።

ትልቁ ሽማግሌ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል። ወንዙን አዩ፤ ቀና ብለው ሰሌዳውን አዩ።

«አዴ፣ ተነሽ» አሉኝ። በእኛ ዳር ወደተሰበሰቡት ወንዶች ዞሩና፦ «አውርዱት!»

አወረዱት። ምሰሶዎቹን በተሰበረው ድልድይ መሐል አጋደሙ፣ ሰሌዳውን ከላይ አነጠፉ። የሚስቁት ሰዎች ወደ ሰማይ እያዩ ተኙ። ልጄን በእነሱ ላይ አሻገሯት። ተሸካሚዎቹን «ገለቶማ» ብዬ አመስግኜ ወደሚጠብቀን ባጃጅ ሮጥኩ። ከቀትር በፊት ሴት ልጅ ወለደች። ሁለቱም ደኅና ናቸው።

በሳምንቱ ኃላፊው በመኪና መጣ። ድንጋዮቹን ለማየት አይደለም።

«የሽርክናውን ሰሌዳ ማን ነቀለ?»

«ሥራ ላይ ነው፣ ኦቦ» አሉት ሽማግሌው።

«የሕዝብና የድርጅት ንብረት እኮ ነው!»

«ነው እንጂ። እናንተ ወንዙን፣ ድርጅቱ ብረቱን፣ እኛ ትከሻ። ሽርክና ሌላ ምን አለው?»

ኃላፊው ማዶ ስብሰባ ነበረው። ጥቂት ተቆጣ፣ ጥቂት አሰበ፣ ከዚያ የሽማግሌውን እጅ ይዞ ተሻገረ።

የልጅ ልጄ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሥታ ወደ አባቷ ቤት ስትመለስ ሸኘኋት። ሽማግሌው እርጥብ ሣር ቆርጠው ዳር ላይ ይጠብቁን ነበር። ሕፃኗ ከተሻገረች በኋላ መረቁ። እኔም እልል አልኩ።

ድርጅቱንም እግዜር ይስጠው፤ ብረቱ ወፍራም ነው።