አጥብቀው ያልኩት መርፌ

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ መሃል መንገድ ላይ ተንተፋተፈ። ሹፌሩ ወርዶ የካርቡሬተሩን ብሎን ሲያጠብቀው ሞተሩ ጮኸ፤ እሱም ደስ አለው። "ላላ አድርገው ልጄ፣ ጩኸቱ አያታልልህ" አልኩት። "ማዘር፣ ሞተርም ያውቃሉ እንዴ?" ብሎ ሳቀ። አውቃለሁ እንጂ! ሰው ተበቅዬበታለሁ።

እዚሁ ጋምቤላ ሙያ ትምህርት ቤት ስማር ነው። የስደተኞች ካምፕ ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ትንሽ የሞዴል ጄት አውሮፕላን ሞተር ከነሪሞቱ ትቶልን ሄደ። ሞተሩ አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ባለ ቱቦ ተቀምጦ ማራገቢያ ያሽከረክራል፤ ማራገቢያው አየሩን ወደ ኋላ ሲገፋ አውሮፕላኑ ወደ ፊት ይሄዳል። አካሉን ከእንጨት የሠራሁት እኔ፣ የማራገቢያውን ምላጮች አንድ በአንድ እየሞረድኩ ያመዛዘንኩት እኔ። ማንጎ የሚረግፍበት ወቅት ነበር፤ ሙቀቱ ጥላ ሥር እንኳ አያስቀምጥም። ምሳዬ ማንጎ ነበር፤ እጄ ግን ነዳጁ ውስጥ የሚገባውን የጉሎ ዘይት ይሸት ነበር።

ደረጀ የክፍሌ ልጅ ነው፤ ሥራው መፍቻ ማቀበል ነበር። መምህራችን አንድ ተማሪ አዲስ አበባ ለኤግዚቢሽን እንደሚልክ ሲነግረን ግን ብድግ ብሎ "የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ሙሉ ደግሞ ሙጫ በመቀባት አግዛኛለች" አለ ወደ እኔ እየጠቆመ። ሙጫ! መምህሩም አመነው፤ ሴት ልጅ ሞተር ትሠራለች ብሎ ማን ያምናል? ደሜ ፈላ። ቆይ ብቻ፣ አልኩ በሆዴ።

ነዳጁን የምትመጥን መርፌ የምትባል ብሎን አለች፤ ስትጠብቅ ነዳጁን ትቀንሳለች። መሬት ላይ ሳለ ነዳጁን በዛ፣ ድምፁን ሻከር አድርጎ መተው ነው፤ አየር ላይ ሲፈጥን ነዳጁ በራሱ ያንሳል። መሬት ላይ አጥብቆ ያስጮኸው ሰው ሞተሩ ሰማይ ላይ ይጠፋበታል። ፈረንጁ ይህን ያሳየው ለእኔ ብቻ ነበር።

አውሮፕላኑ የሚበርበት ቀን ደረሰና የተጋበዙት እንግዶች የትምህርት ቤቱ ኳስ ሜዳ ዳር ተደረደሩ። ደረጀ ሪሞቱን ይዞ ጎንበስ አለና "ሙሉ፣ ድምፁ ሻካራ ሆነብኝ፤ ምን ላድርግ?" አለኝ በሹክሹክታ።

"መርፌውን አጥብቀው" አልኩት።

አጠበቀው። ፉጨቱ ጆሮ በሳ፣ እንግዶቹ አጨበጨቡ። አውሮፕላኑ ተነሥቶ ከማንጎዎቹ በላይ ወጣ፤ ባሮ ወንዝ ጋ ሲደርስ ሞተሩ ጸጥ አለ። በአፍንጫው ወንዙ ውስጥ ተተከለ። የሁለት ወር ልፋቴ ነው የሰጠመው፤ እኔ ግን እሰይ አልኩ። ዛሬም አላፍርበትም።

መምህሩ ተቆጥቶ "ሞተሩን ማን ነካካው?" አለ። ደረጀ ዞር ብሎ አየኝ። ገብቶታል። አሁን ያጋልጠኛል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ስጠብቅ "እኔ ነኝ። ሙሉ ተው ብላኝ ነበር፣ አልሰማኋትም። የሠራችውም እሷ ናት" አለ፣ በሁሉም ፊት።

ንድፉን ብቻ ይዤ አዲስ አበባ የሄድኩት እኔ ነኝ።

ደረጀ ዛሬ ጎረቤቴ ነው። ጠዋት በር ላይ "እንደምን አደርሽ ሙሉ" ይለኛል፤ እግዜር ይመስገን እለዋለሁ። ሙጫ ቀባች ያለኝን ይቅር አላልኩም፣ አልልምም። ተው ብላኝ ነበር ስላላት ውሸቱ ደግሞ ላመሰግነው ስንቴ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁ። ሥራዬን ሲቀማኝ ተበቀልኩት፤ በቀሌን ሲቀማኝ ግን የማደርገው አጣሁ።