ውኃ የጠገበው ቡገንቪሊያ

ላይ ታች ብላችሁ የተንከባከባችሁት ነገር፣ እናንተ ዞር እስክትሉ ጠብቆ አምሮበት ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ትናንት ጎረቤቴ ወይዘሮ አልማዝ አጥራቸው ላይ ያለውን ቡገንቪሊያ በጎማ እያጠጡ፣ "ቅጠል ብቻ ሆነብኝ እኮ!" ብለው ሲያማርሩ ሰማሁና የዱሮ ንዴቴ ተቀሰቀሰ።

በደርግ ጊዜ አሰብ ውስጥ የስድስተኛ ክፍል ሳይንስ አስተማሪ ነበርኩ። ከደጋ የመጣሁ፣ ማስረዳት የማይደክመኝ ጎረምሳ። አንድ ቀን በቀይ ጠመኔ ቡገንቪሊያ ሥዬ፣ ይኼ ቀዩ አበባ አይደለም፣ ቀለም ያወጣ ቅጠል ነው፤ እውነተኛዎቹ አበቦች መሃሉ ላይ ያሉት ትናንሽ ነጫጭ ቱቦዎች ናቸው አልኩ።

ከፊት የምትቀመጠው ዘሀራ እጇን እንኳ ሳታወጣ፣ "ቲቸር፣ ቅጠልማ አረንጓዴ ነው" አለች። ክፍሉ በሳቅ አወካ።

"ዓመቱ ሳያልቅ እጅሽ ላይ አስቀምጬ አሳይሻለሁ!" አልኳት።

አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከደሴ የተቀጠፈ አበባ ላምጣልህ ብሎኝ ነበር። እኔ ግን አብቅዬ ማሳየት አማረኝ። ክንድ የሚያህል ቁራጭ ግንድ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ አመጣልኝና በክፍላችን ግድግዳ ሥር ተከልኩት። ጸደቀ። ከዚያ በኋላ ጧት አንድ ጣሳ፣ ማታ አንድ ጣሳ። በአሰብ ውኃ በቦቴ ነበር የሚመጣው፤ ለገላዬ ከያዝኩት ላይ እየቀነስኩ አጠጣሁት። የፍየል በጠጥም ጨመርኩለት። ምን ያላደረግኩት ነገር አለ? እሱ ግን እሾህና ቅጠል ብቻ እያወጣ መስኮቱን ሸፈነ።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ሁመድ ከአሰብ በስተደቡብ ባሕሩ ዳር ያለችው የራሔይታ መንደር ሰው ናቸው። ጥላው ሥር ቁጭ ብለው የተጠበሰ ዓሣቸውን በቂጣ እየበሉ ያዩኛል፤ አስተማሪ ለማለት ኡስታዝ ነው የሚሉኝ።

"ኡስታዝ፣ ይኼ ዛፍ ጠግቧል። የጠገበ ምን አስቦ ያብባል?"

"ካላጠጣሁት ይሞትብኛላ ጋሼ!"

"እኛ እዚህ አገር ሞተናል እንዴ?"

ተናደድኩ። የተማርኩት እኔ ነኝ! ዘሀራ ደግሞ በየሳምንቱ፣ "ቲቸር፣ ቀዩ ቅጠል ደረሰ?" ትለኛለች። ሳይደርስ ትምህርት ተዘጋ።

ለክረምት ሥልጠና ወደ ደሴ ወጣሁ። ክረምት ማለት ለእኛ ዝናብ ነው፤ አሰብ ግን ያን ጊዜ እሳት ይነድዳል። ዛፉን ለጋሽ ሁመድ አደራ ብዬ ብሄድም፣ ደርቆ አገኘዋለሁ ብዬ ነበር። በመስከረም ስመለስ ግን ግድግዳው በሙሉ ቀልቷል!

"ቅጠሉ አንገቱን ሲደፋ ብቻ አንድ ጣሳ" አሉኝ ጋሽ ሁመድ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ በንዴት አንድ ቅርንጫፍ ጎትቼ እጄን በእሾህ አደማሁ። ማንን ላሳይ? ዘሀራ ስድስተኛን ጨርሳ ከቤተሰቦቿ ጋር ራሔይታ ገብታለች። አንድ ዘለላ ቆርጬ በደብተር መሃል አድርጌ፣ ወደ አገራቸው ሊሄዱ ለተነሡት ለጋሽ ሁመድ ሰጠኋቸው፤ ነጫጮቹን ቱቦዎች እንዲያሳዩአትም ሁለት ጊዜ አስረዳኋቸው።

በሳምንቱ ሲመለሱ ሮጬ ሄድኩ። "አየችው?"

"አላየችውም። ደብተሩን ስትከፍት ፍየሏ ነጥቃ በላችው።"

"ምን አለች ታዲያ?"

"'ፍየሌ ከበላችውማ ቅጠል ነው። ቲቸር ልክ ነበሩ ይበሏቸው' አለች።"

ጋሽ ሁመድ ይስቃሉ። እኔ ስንት ጣሳ ውኃ፣ ስንት ጠመኔ ጨርሼ ያላሳመንኳትን ልጅ ፍየል በአንድ ጉርሻ አሳመነቻት። ይኸው ሸምግዬም አልተዋጠልኝም። ጋሽ ሁመድን ግን ያኔ ብሰማቸው ኖሮ፣ ዘሀራ አበባውን በዓይኗ ታየው ነበር።

ትናንት ለወይዘሮ አልማዝ ጎማውን ይተዉት ስላቸው፣ "ይሞትብኛላ!" አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም። እናንተ ግን ያደገና የማያብብ ቡገንቪሊያ ካላችሁ እስቲ ሞክሩት፤ ፀሐይ ላይ ይሁን፣ ቅጠሉ አንገቱን እስኪደፋ ውኃ አትስጡት። ሲቀላ አንዱን ዘለላ ቅጠፉና ነጫጮቹን ቱቦዎች ለአንድ ልጅ አሳዩ። መጀመሪያ ግን አካባቢው ላይ ፍየል አለመኖሩን አረጋግጡ።