ለካቦ ያልሰጠሁት ድምፅ

የያዙኝ ከክፍል ስወጣ፣ የጠመኔውን ብናኝ ከእጄ ሳላራግፍ ነው። ባሕር ዳር አንድ ኮሌጅ ውስጥ ኢኮኖሚክስ አስተምር ነበር። ተማሪዎቼን "ኑሮ ብቻ ቢወስን የየክልሉ ገበሬ ማንን ይመርጥ ነበር?" ብዬ ጠየቅሁ። ማዳበሪያ የተወደደበት ሁሉ አንድ ዓይነት ይመርጣል ብዬ መልሱንም ራሴው ሰጠሁ። ቅስቀሳ ነው ተባለ።

ያስገቡኝ ጣና ዳር ካለ የድሮ መጋዘን ነው። ሐይቁ አይታይም፤ የጀልባ ሞተር ግን ይሰማል። የጎጃም ልጆች በአንዱ ግድግዳ፣ የጎንደር ልጆች በሌላው ተኝተዋል። እኔ የአርሲ ልጅ ነኝ፤ በሩ ሥር፣ ከሽንት ባልዲው አጠገብ ደረሰኝ። ስንቅ የሚያመጣልኝ ዘመድ በከተማው አልነበረኝም። ሰላምታዬን ይመልሱልኛል፣ ከዚያ በላይ የለም። ብቸኝነቱ ከረሃቡ ይብስ ነበር።

የሚያናግሩኝ ከጎንደር ልጆች ጋር የሚተኙት፣ አስም ያለባቸው የወረታ ነጋዴ ሐጂ ብቻ ናቸው። በምን እንደታሰርሁ ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ።

አንድ ጠዋት ውሃና መኝታ የሚያከፋፍለው የክፍሉ አለቃ፣ ካቦው፣ ተፈታ። ምትኩን እጅ አውጥተን መምረጥ ነበረብን።

"እስቲ መምህር፣ ያ ጥያቄህ እዚሁ ይሞከር" አሉ ሐጂ።

እኔና ሐጂ እስረኞቹን ምን እንደሚፈልጉ ጠየቅናቸው። ሁሉም ውሃው እኩል እንዲዳረስ፣ አየር በሚገባበት መስኮት ሥር በተራ እንዲተኛ ፈለገ። ደስ አለኝ፤ መልሴ ልክ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ከጎጃምም ከጎንደርም አንድ አንድ ሰው ቀረበና እጅ ወጣ። ጎጃም ለጎጃም፣ ጎንደር ለጎንደር። ሐጂም ፊታቸውን ከእኔ መልሰው ለጎንደሩ አወጡ። ድምፁ እኩል ለእኩል ሆነ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አንዱን ብመርጥ ከስንቁ እቋደሳለሁ፤ ወዳጅም አገኛለሁ።

"ድምፄ መስኮቱን ለታመመ ሰው ለሚሰጥ ነው" አልሁ።

ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ግን መስኮቱን አስቀድመው ለየወንድሞቻቸው ቃል ገብተውበት ነበር። እጄን ሳላወጣ ቀረሁ። ዕጣ ተጣለ፤ ለጎጃሙ ወጣ።

ከበሩ ሥር የሐይቁ አየር ይገባ ስለነበር ቦታዬን ለሐጂ ለቀቅሁላቸው። "አንተስ የት ልትሆን?" አሉኝ። ብርድ ልብሴን ይዤ መሐል ላይ፣ በሁለቱ ወገን መካከል ቆምሁ። ከወዲህም ከወዲያም አንድ አንድ ሰው፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ እግሩን ሰበሰበልኝ።

ዛሬ ከእስር ወጥቼ፣ እዚያው ባሕር ዳር ሹም አቦ ሰፈር በተከራየሁት ክፍል ብቻዬን እኖራለሁ። ለተማሪዎቼ የሰጠሁት መልስ ፍርሃትን እንደዘለለ ገብቶኛል፤ የፈራ ሰው አጠገቡ ለሚተኛው ነው የሚመርጠው። ምርጫ ሲመጣ ካርዴን ይዤ እሰለፋለሁ። የት ነው የተወለድኸው የሚለኝ አላጣም። ምን እንደምመርጥ ለማወቅ ያን ያህል ዓይኑን ተክሎ የጠበቀኝ ሰው ግን ከዚያ መጋዘን ወዲህ አላጋጠመኝም።