ዱባለ ያስታወሰው

ዱባለ ኮልፌ ውስጥ የስፖንጅ ፍራሽ ይሸጣል፤ እኔ ከጎኑ የፍራሽ ልብስ እሰፋለሁ። የሚለየን አንድ ቆርቆሮ ነው። በጠራራ ፀሐይ በገዛ ፍራሹ ላይ ተጋድሞ ሲያንኮራፋ የስፌት ማሽኔ ድምፅ እንኳ አይሰማኝም ነበር። ድንገት ደግሞ ጸጥ ይላል። ቆይቶ ቆይቶ እንደታነቀ ሰው ሲጥ ብሎ ይቀጥላል። «ፍራሽህን ጥሩ አድርገህ ታስተዋውቃለህ» እያልኩ እቀልድበት ነበር። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ያኔ መርሳት ጀምሮት ነበር። ቁልፉን በእጁ ይዞ ይፈልገዋል፤ የነገረኝን መልሶ ይነግረኛል። የእድራችን ዳኛ ስለነበር በየስብሰባው እንቅልፍ ሲጥለው በክብር አወረድነው። በመጨረሻ ሚስቱ አልማዜ ቤቴል ካለ ክሊኒክ ጎትታ ወሰደችው። ሲተኛ ትንፋሹ እየተቆረጠ ነው፣ ያፈዘዘውና ያስረሳውም ይኸው ነው ተባለ። ማታ ማታ አፍንጫው ላይ ጭንብል አድርጎ የሚተኛበት፣ አየር የሚነፋ ማሽን አመጡለት።

በሁለት ወሩ ሌላ ሰው ሆነ። ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት ይመጣና የረሳውን ሁሉ ይዘረግፍልኛል። ድሮ ተውሼው የካድኩትን መቀስ ሳይቀር አስታወሰ። «ሰውዬ፣ ሁሉን ማስታወስ ደግ አይደለም» ብዬ እየሳቅኩ መቀሱን መለስኩለት። እሱ አልሳቀም።

«ሰይፉ፣ አንድ ነገር ቀርቶኛል» አለኝ። «ምን እንደሆነ አላውቀውም። ብቻ ሰው አደራ ሰጥቶኛል።»

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ፊቱን ሆነ።

አንድ ቅዳሜ ጎረቤታችን እትዬ ብርቅዬ ፍራሽ ሊያዙ መጡ። አንድ ልጃቸው ደግፌ ወርቅ ሊቆፍር ቆላ ከወረደ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ያለበት ቦታ ስልክ አይሠራም፤ የሚደውሉት ከተማ ሲወጡ ብቻ ነው።

«ለደግፌ ክፍል ነው፤ ሰፋ ያለውን አድርግልኝ» አሉት። «ለገና መምጣቱ አይቀርም። ካንተ ጋር ካወራ እንኳ ሁለት ዓመት አለፈው።»

«ከኔ ጋር?»

«አዬ ዱባለ! ‹ደግፌ ደውሎ ነበር፣ ደህና ነው› ያልከኝ አንተ አይደለህ? በሐምሌ፣ ያ ሁሉ ዝናብ እየወረደ። እሱኑ ይዤ አይደል ያለሁት!»

ዱባለ ፍራሽ የሚያስርበት ገመድ ከእጁ ወደቀ። እሳቸው ሲሄዱ እኔ ዘንድ መጥቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«የደወለው ደግፌ አይደለም» አለ። «ወዬሳ የሚባል የሥራ ጓደኛው ነው። ደግፌን ጉድጓድ ተደርምሶበት እዚያው ቀበሩት። ‹መርዶ ለእናት በስልክ አይነገርም፤ የእድር ዳኛ ነህና ጎረቤት ሰብስበህ አርዳልኝ› አለኝ። እሺ አልኩት። ስልኩን ሳልዘጋ እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ ስለ ደግፌ ስልክ መደወሉ ብቻ ቀረኝ፤ እሱ ራሱ የደወለ መስሎኝ ‹ደህና ነው› ብያቸዋለሁ ማለት ነው። አደራ በላሁ፣ ሰይፉ።»

እኛስ? ደህና ነው ሲባል ሰምተን አርፈን ተቀምጠን ነበር።

ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል ስድስት ሆነን ሄድን። እትዬ ብርቅዬ በሩን ከፍተው በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው ሲያዩ፣ ማንም ሳይናገር ገባቸው። ጮኹ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ለደግፌ ያዘዙትን ፍራሽ ከሱቅ አምጥተን መሬት ላይ አንጥፈን ለሐዘን ተቀመጡበት። ልብሱን የሰፋሁት እኔ ነኝ።

ድምፃቸው ሲያልቅ «መቼ?» አሉ።

«በዚያ ሐምሌ» አለ ዱባለ።

ቀና ብለው አዩት። «ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ጥቁር ልብስ አዞርከኝ። ተዝካሩን ሳላወጣ በሰው ሠርግ አስጨፈርከኝ።»



በሳምንቱ አልማዜ እያለቀሰች መጣች። ማሽኑን አላደርግም ብሏል። ሄጄ ጮኽኩበት። «ትሞታለህ እኮ፣ ምን ሆነሃል!»

«ያቺ ቀን ገና አልሞላችልኝም» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «‹ደህና ነው› ስላቸው ፊታቸው ምን ይመስል እንደነበር አላስታውስም። እሱ ብቻ ነው የቀረኝ። ማሽኑ እሱንም እንዲያመጣብኝ አልፈልግም።»

አሁን ከቆርቆሮው ማዶ ማንኮራፋቱ ተመልሷል። ጸጥ ሲል የስፌት ማሽኔን አቆማለሁ፤ እስኪቀጥል እጠብቃለሁ።