የተረከዜ ትራስ፦ ከገንዳ ውኃ መተማ ዮሐንስ በብስክሌት

ገንዳ ውኃ፣ ማለዳ

የተነሣሁት ብስክሌቴን ለማዳን ነው። ዓመት ሊሞላው ነው፣ ጠዋት ከአልጋ ወርጄ መሬት ስረግጥ ቀኝ ተረከዜን ሚስማር እንደ ወጋው ያደርገዋል። ሶምሶማ ስሮጥ አነክሳለሁ፤ ከብስክሌት ስወርድም አነክሳለሁ። ጎረቤቶቼ ፊቴን ሳያዩ በኮቴዬ ይለዩኛል። አብሬያት የምኖረው ልጄ አለምነሽ፣ “አባየ፣ አሁንስ ይበቃዎታል። ብስክሌቷን ለሚችል ሰው እንስጣት” ማለት ጀምራለች።

ይህን ጭቅጭቅ የሰማው ባሕር ዳር ያለው የእኅቴ ልጅ፣ እሱም ብስክሌት ጋላቢ ነው፣ የሚስተካከል የጫማ ሶል ላከልኝ። ጫማ ውስጥ ይገባል። ከሥሩ ትንንሽ ትራሶች ይለጠፉበታል፤ ሲስቧቸው ይላቀቃሉ። ጠንካራው ጥንድ ለብስክሌት ነው፣ ከመሀል እግር ጉድጓድ ሥር ይደረጋል። ለስላሳው ለሩጫ ነው፣ ከተረከዝ ሥር።

“በዚህማ መተማ ዮሐንስ ደርሼ እመለሳለሁ!” አልሁ። ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

አለምነሽ ግን በቃሌ ያዘችኝ። “እሽ ይሂዱ። ነድተውም ሆነ ገፍተው መጥተው፣ ሳያነክሱ ግቢ ከገቡ ብስክሌቷ የእርስዎ ናት። መኪና ላይ ጭነው ከመጡ ወይም ካነከሱ ግን በማግስቱ እሰጣታለሁ።”

የብስክሌቱን ትራስ ለጥፌ፣ የሩጫውን ጥንድ ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

ከኮኪት ወዲያ

አስፋልቱ ደህና ነው። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ባርኔጣዬን በአንድ እጄ እይዛለሁ፣ በሌላው ነፍሴን። ግራና ቀኙ የታጨደ ሰሊጥ ነው፤ ነዶው ተደጋግፎ ቆሞ ይደርቃል። ተረከዜ ዝም ብሏል። መሀል እግሬ ተደግፎ፣ ፔዳሉን የምረግጠው በፊተኛው እግሬ ስለሆነ ተረከዜ ሥራ ፈትቷል። እኔም በበኩሌ ኮራሁ።

ኮኪትን እንዳለፍሁ መንገድ ዳር ካለው ከመኳንንት እርሻ ጎራ አልሁ። መኳንንት ድሮ አብረን ትራክተር የነዳን ሰው ነው። ሰሊጥ እያራገፉ ነበር። ትልቅ ሸራ ተነጥፏል፤ ሠራተኞቹ ነዶውን ገልብጠው ሲመቱት ፍሬው እንደ ዝናብ ይወርዳል። ሸራው ላይ በጫማ የሚወጣ የለም። አንድም ጠጠር እንዳይገባ ነው፤ አንድም አውድማ ነውና፣ ከደጋ የወረዱ አባቶቻችን አውድማን በጫማ አይረግጡም ነበር። ጫማዬን ከሸራው ዳር አውልቄ ገባሁ።

ይርሳው የሚባል፣ ከጎጃም ለሰሊጥ ሥራ የመጣ ጎልማሳ፣ ለምሳ ሲወርድ የጫማዬን ውስጥ ጎንበስ ብሎ አየ።

“አባባ፣ ጫማዎ ውስጥ ምን ተኝቷል?”

“የተረከዜ ትራስ ነው።”

“ተረከዝዎ እንቅልፋም ነዋ!”

“ቀን ቀን ይተኛል። ጠዋት ጠዋት ይጮኻል።”

ሳቁን አቆመ። “የኔስ ግራው መቼ ዝም ይላል! እዚህ ድረስ ብዙውን በእግር ነው የመጣነው። ሥራው ሲያልቅም በእግር ነው የምንመለስ።”

አላስቻለኝም። የሩጫውን ጥንድ ከኪሴ አውጥቼ፣ “እንካ፣ እኔ ጋላቢ ነኝ፣ ሯጭ አይደለሁም” ብዬ ሰጠሁት። ደረቴን ነፍቼም ብስክሌቴ ላይ ወጣሁ። በሁለተኛው ሙከራ ወጣሁ።

መተማ ዮሐንስ

ከሰዓት በኋላ ደረስሁ። የከባድ መኪናው ሰልፍ ከተማውን ለሁለት ከፍሎታል። ባጃጁ በመሀል ይሽሎከለካል፤ ከሱዳኗ ገላባት በእግር የተሻገረው ሰው ዕቃውን በራሱ ተሸክሞ ያልፋል። በሰሊጥ ዘይት የታሸ ፉል በላሁ፣ ሻሂ ጠጣሁ፣ ማራገቢያ ያለው አልጋ ያዝሁ። ማራገቢያው ሙቀቱን ከጥግ ወደ ጥግ ሲያመላልስ አደረ። ጠዋት በባዶ እግሬ ስወርድ ተረከዜ እንደ ወትሮው ጮኸ። ሶሉን አልጋ ውስጥ ይዤ አልተኛሁማ።

መልስ

ገና ከመኳንንት እርሻ ሳልደርስ የኋላ ጎማዬን እሾህ ወጋው። ሳላየው ስነዳ ጎኑ ተተረተረ፤ በማጣበቂያ የሚሆን አልነበረም። መግፋት ጀመርሁ። ለብስክሌት የተደረገው ትራስ ለእግረኛ አይመችም፤ መሀል እግሬን ወደ ላይ ይገፋል፣ ተረከዜ ግን አስፋልቱን ባዶውን ይመታል። ብዙም ሳልሄድ ማነከስ ጀመርሁ።

አንድ ባጃጅ አጠገቤ ቆመ። ልጄ መኪና ላይ እንዳልጭናት መከልከሏን ለሹፌሩ ነገርሁት። “አባባ፣ ይጫኗት! ገንዳ ውኃ መግቢያው ላይ አወርድዎታለሁ። ማን ያያል?”

“አለምነሽን ታውቃታለህ?”

“ባለ ሱቋን? ማን የማያውቃት አለ!”

“እንግዲያው ሂድ።”

ከእርሻው ስደርስ ይርሳው ሸራው ላይ ነበር። አይቶኝ እግሩን ሸራው ላይ አራግፎ ወረደ፤ ጥንዶቹን ትራሶች አምጥቶ ዘረጋልኝ።

“ምነው፣ አልበጁህም?”

“መች ረገጥኋቸው፣ አባባ? ቀኑን ሙሉ በባዶ እግሬ አይዶል የምውል!”

መኳንንት ወገቡን ይዞ ሳቀ። “ጉድ እኮ ነው! ጫማህን አውልቀህ ወደ ሸራው የገባህ አንተ፣ ለባዶ እግር ሰው የጫማ ትራስ ትሰጣለህ?”

ይርሳው ግን ጫማዬን አየ፣ እግሬን አየ። “የሚያምዎ ቀኙ ነው?”

“ቀኙ።”

“የኔ ግራው ነው። ቀኙን ይውሰዱ። ግራውን አገሬ ስመለስ ጫማዬ ውስጥ አደርገዋለሁ።”

እንዲሁ ተካፈልን። ጠንካራውን ጥንድ አውጥቼ ለስላሳውን ከቀኝ ተረከዜ ሥር ለጠፍሁ። ሕመሙ ቀዘቀዘ። ቁልቁለት ባገኘሁ ቁጥር ብስክሌቷን በሶምሶማ ገፋኋት። አንድ እግሬ ከፍ ስላለ ግን ወደ ግራ አዘመምሁ።

ቤት

ፀሐይ ሳትጠልቅ ግቢ ገባሁ። አለምነሽ በሩ ላይ ቆማ ከእግሬ ዓይኗን አልነቀለችም።

“ያነክሳሉ፣ አባየ።”

“አላነክስም። ዘመም ብያለሁ።”

“ምን ልዩነት አለው?”

“ያነከሰ ያመዋል። እኔን አላመመኝም።”

ጫማዬን አስወልቃ አየችው። ሌላው ትራስ የት እንደ ቀረ ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት። ወደ ቤት ገባች። ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ተረከዝ ቆርጣ መጣችና ከግራው ጫማዬ ውስጥ ጨመረችው። “በሉ አሁን ይሂዱ።”

ግቢውን ዞርሁት። ቀጥ ብዬ።

“ትቀመጥልዎ” አለች። “መተማ ግን ከእንግዲህ በመኪና ነው።”

እስከ ኮኪት እንድትፈቅድልኝ ተከራከርሁ፤ አልፈቀደችም፣ አልከለከለችምም። ከዚህ ጉዞ የተማርሁት ይህ ነው፦ ሶሉ ተረከዜን አላዳነውም፤ ተሸክሞት ነው የሄደ። ትራሱንም እንደ መንገዱ መቀየር ያስፈልጋል። አሁን ጫማ ሳላጠልቅ ከአልጋ አልወርድም። ብስክሌቷ ጎማ እስኪገኝላት ግድግዳው ተደግፋ ቆማለች። እሷም ዘመም ብላለች፤ አነከሰች ያላት ግን የለም።