ለክፉ ሐሳብ የተሰጠ ቀጠሮ

አንድ ሐሳብ ሳይጠሩት መጥቶ፣ ቢያባርሩት አልሄድ ብሎ አስቸግሮዎት ያውቃል? ተራ ጭንቀት ማለቴ አይደለም። «አንተ ባትኖር ለሁሉም ይቀል ነበር» የሚለውን ዓይነት ማለቴ ነው። ደርሶብዎት ከሆነ የምነግርዎት ይጠቅምዎት ይሆናል። ካልደረሰብዎትም ያንብቡት፤ አጠገብዎ ባለው ሰው ላይ ደርሶ ሊሆን ይችላል።

ከዓመታት በፊት ቡሬ ከተማ የሥነ ዜጋ መምህር ነበርኩ፤ ሥራ ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም። አገር አቀፍ ምርጫ ባለፈ ሰሞን የመምህራን ስብሰባ ተጠራ። ከመድረኩ «ጥያቄ ያለው?» ሲባል እጄን አውጥቼ ስለ ምርጫው ጠየቅኩ። ተማሪዎቼንም የማስተምራቸው ይህንኑ ነበር። በማግስቱ ፖሊሶች ከክፍል ጠርተው ወሰዱኝ። ፍኖተ ሰላም ስንደርስ፣ በእጄ እንደያዝኩት ኪሴ የከተትኩት ጠመኔ ዱቄት ሆኖ አገኘሁት።

የታሰርኩበት ክፍል ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ፀሐይ ሲሆን ያቃጥላል፤ ዝናብ ሲጥል መደማመጥ አይቻልም። ብርሃን የሚገባው በበሩ ቀዳዳ ብቻ ነው። ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልኝ። አንደኛው ከማንኩሳ አካባቢ የመጡ የቅኔ መምህር ናቸው፤ የኔታ እንላቸው ነበር። የታሰሩት በአንድ በዓል ላይ የተቀኙት ቅኔ «ሌላ ትርጉም አለው» ተብሎ ነው። ሁለተኛው በዕድሜ ከእኔ ብዙ የማይርቅ የግብርና ሠራተኛ ነው። ስሙን መጻፍ ስለማልፈልግ የአዴቱ ልበለው፤ አገሩ አዴት ነው። ለምን እንደታሰረ እሱም በደንብ አያውቅም።

የአዴቱ ቀልደኛ ነበር። ፍርድ ቤት በቀረብን ቁጥር ፖሊስ «ምርመራዬን አልጨረስኩም» ይላል፤ ዳኛውም ቀና ሳይሉ ቀጠሮ ይሰጣሉ። ወደ ክፍላችን ስንመለስ የአዴቱ ጋቢውን እንደ ካባ ደርቦ የውሃ ጀሪካኑ ላይ ይቀመጣል።

«ተጠርጣሪው ምን ይላል?»

«ርቦኛል ነው የሚለው፣ ክቡር ፍርድ ቤት» እላለሁ።

«መራቡ ገና አልተጣራም። ቀጠሮ!»

የኔታ ሳል እስኪይዛቸው ይስቃሉ። «አንተ ጉደኛ፣ ዋናውን ዳኛ እኮ ታስንቃለህ።»

ከጊዜ በኋላ የአዴቱ ዝምታ አበዛ። የጀመረው እህቱ ስንቅ ይዛ የመጣች ዕለት ይመስለኛል። ለእሱ ስንቅ ለማመላለስ ስትል ትምህርቷን ትታ፣ ፍኖተ ሰላም ሰው ቤት ተቀጥራ እንደምትሠራ ያን ቀን ነገረችው። ከዚያ ወዲህ ምግቡን ወደ እኛ ይገፋል፤ ስንጠራውም ቶሎ አይሰማንም። ጀሪካኑ ላይ መቀመጥም ተወ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋቢውን በጥንቃቄ አጣጥፎ የኔታ ጭን ላይ አስቀመጠው።

«ይልበሱት። ለእኔ አያስፈልገኝም።»

«ምን ሁነህ ነው ልጄ? በዚህ ብርድ?»

«ይልበሱት የኔታ። ያስቀየምኩዎት ነገር ካለም ይቅር ይበሉኝ።»

ፊቱ ከሰነበተበት ጭንቀት ተላቅቆ ነበር። ያ እርጋታው አስፈራኝ። አጠገቡ ተቀምጬ በቀጥታ ጠየቅኩት።

«ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?»

«አዎ» አለ፤ ሸክሙን ሰው እንዳገዘው ዓይነት ተነፈሰ።

እንዲህ ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን ያስገባበታል ብለው የሚፈሩ አሉ። ሐሳቡ ቀድሞ ገብቷል፤ የእኔ ጥያቄ መውጫ በር ነው የከፈተለት።

ቀጥሎ የማውቀውን አደረግኩ፤ ማስረዳት ጀመርኩ። «እህትህ የምትለፋው ስለምትወድህ ነው» ስለው፣ «ለዚያ እኮ ነው ላሳርፋት የሚገባኝ» አለ። «ትፈታለህ» ስለው፣ «ቢፈቱኝስ ማን ይፈልገኛል?» አለ። ለእያንዳንዱ መልስ ነበረው። አእምሮው ሥራ አላቆመም፤ ይሠራል፣ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ። ከባድ ሐዘን ሰውን ሐሳብ አያሳጣውም። ሐሳቡን ያጠብበታል፤ ከዚያም «አሁኑኑ ወስን» ብሎ ያጣድፈዋል። ይህን የተረዳሁት ክርክሩን ስሸነፍ ነው።

«እሺ» አልኩት፣ «ከሳሹም አንተ፣ ምስክሩም አንተ፣ ዳኛውም አንተ። ያ የምትቀልድበት ዳኛ እንኳ እስካሁን አልፈረደብህም። አንተ በአንድ ከሰዓት ልትጨርሰው ነው?»

ይህን ጊዜ የኔታ ተነሡ። ጋቢውን ዘርግተው ትከሻው ላይ ደረቡለት፤ ጀሪካኑንም አስጠግተው አስቀመጡት። ከዚያ ፊቱ ቆመው እጃቸውን አጣመሩ። እኒያ አዛውንት፣ ያንን ልጅ «እርስዎ» እያሉ ጀመሩ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ በዚህ ልጅ ላይ የቀረበው ክስ ምርመራው አልተጠናቀቀም። እህቱ ቃሏን አልሰጠችም። እኔም የምቆጥርለት ምስክር አለኝ። እስከ ነገ ቀጠሮ ይሰጡን ዘንድ እንለምናለን።»

የአዴቱ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሳቅ ይሁን ለቅሶ መለየት አልቻልኩም።

«ተከሳሹ ደክሞታል» አለ።

«ድካሙ ተመዝግቧል፣ ክቡር ፍርድ ቤት» አልኩ።

ጋቢውን ወደ ደረቱ ሰበሰበ። «እስከ ነገ ብቻ» አለ በመጨረሻ። «ቀጠሮ።» የዚያን ቀን ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ መሀላችን እያስተኛን፣ ለብቻው ሳንተወው ሰነበትን። ከጠባቂዎቹ ለአንዱ ነገርነው፤ ሰውየው ሳይሰድበን ሰምቶ ጤና ጣቢያ አስወሰደው፣ ሕክምናም ጀመረ። ጠዋት ጠዋት የእኛ ችሎት ይሰየማል።

«ሐሳቡ ቀርቧል?» ይላሉ የኔታ።

«ቀርቧል።»

«እንዴት ነው?»

«እንደ ትናንቱ ነው።»

«ቀጠሮ!»

አንድ ጠዋት ግን «ቀርቧል፣ ግን አርፍዶ ነው» አለ። የኔታ እንደ ድሮው ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ።

ክረምቱ ሳይወጣ የኔታ ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት እንዲዛወሩ ስማቸው ተጠራ። የአዴቱ ጋቢውን ከላዩ አውልቆ አለበሳቸው።

«ይኼኛው ስንብት አይደለም የኔታ። ይበርድዎታል ብዬ ነው።»

«እንግዲያስ ቀጠሮ ስጠኝ።»

«ማንኩሳ፣ እርስዎ ቤት።»

«ብትቀር ታስረህ ትቀርባለህ!» አሉት፤ ጠባቂው እየጎተታቸው ወጡ።

እኛ ተፈታን። የኔታ ግን በተዛወሩበት እስር ቤት ሕይወታቸው አለፈ። ቢሆንም በቀጠሮው ቀረብን። ማንኩሳ ስንደርስ ባለቤታቸው ጋቢውን አወጡልን፤ «ከእሳቸው ጋር የመጣ ይኸው ብቻ ነው» አሉ። የአዴቱ በሁለት እጁ ተቀብሎ ሳመውና መልሶ ሰጣቸው። «የእሳቸው ነው እናቴ» አለ።

ዛሬ ቆጋ መስኖ አካባቢ ከሽንኩርት አምራቾች ጋር ይሠራል። አልፎ አልፎ ይደውልልኛል። «ቀርቧል» ካለኝ፣ ምን እንደቀረበ አልጠይቀውም፤ ስልኩን ሳልዘጋ አብሬው እቆያለሁ።

እስቲ እርስዎም ይሞክሩት። ያ ሐሳብ ሲመጣ አይከራከሩት፣ አይታዘዙት፤ እስከ ነገ ቀጠሮ ይስጡት፣ ነገም እንዲሁ። ብቻ ችሎት ለብቻ አይሰየምም። ሐኪምም ይሁን ወዳጅ፣ ነገ ጠዋት ከእርስዎ ጋር የሚቀርበው ማን ነው? ዛሬውኑ ይንገሩት።